የመሣሪያ ፍች ታሪክ፦ ከቤተ ልሔም ምልክት እስከ ቪዲዮ አፈላላጊ ወኪል

1. መነሻ

የመሣሪያን ስም መፍታት ከመዝገበ ቃላት አዘጋጅ የዘወትር ተግባሮች አንዱ ነው። ማረሻ ምን እንደ ሆነ፣ ሞፈር ከቀንበር በምን እንደሚለይ፣ ድግርና ወገል በእርሻው ዕቃ ላይ ምን ቦታ እንዳላቸው ለማያውቅ ሰው በሁለትና በሦስት መስመር ማስረዳት ቀላል መስሎ የሚከብድ ሥራ መሆኑን የሞከረው ሁሉ ያውቀዋል። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ከዚህ ተግባር ጋር በእጅጉ የሚመሳሰል አዲስ የጽሕፈት ዐይነት ተፈጥሯል። ይኸውም በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራ ወኪል፣ ማለትም የታዘዘውን ጉዳይ መንገዱን ራሱ እየመረጠ የሚፈጽም የኮምፒዩተር ፕሮግራም፣ የሚገለገልባቸውን መሣሪያዎች በቃላት መግለጽ ነው።

እዚህ ላይ መሣሪያ የምንለው እንደ ማረሻ በእጅ የሚያዘውን አይደለም። ወኪሉ ጠርቶ የሚያሠራው ሌላ ፕሮግራም ነው። አንዱ መሣሪያ በኢንተርኔት ላይ ከተከማቹት ቪዲዮዎች መካከል የተጠየቀውን ያፈላልጋል፤ ሌላው የአንድን ቪዲዮ ርእስ፣ ርዝመትና የወጣበትን ቀን ያቀርባል፤ ሦስተኛው በቪዲዮው ውስጥ የተነገረውን ቃል በጽሑፍ ያመጣል። ወኪሉ የመሣሪያዎቹን ውስጣዊ አሠራር አያይም። የሚያየው ከስማቸው ሥር የተጻፈውን መግለጫ ብቻ ነው፤ ያንን አንብቦ የትኛውን እንደሚጠራና ምን እንደሚሰጠው ይወስናል። ስለዚህ መግለጫው በሙያችን አነጋገር ፍች ነው፤ ጸሐፊውም ቢያውቀውም ባያውቀውም የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ሆኗል።

በዚህ ጽሑፍ የዚህን ፍች ታሪክ ባጭሩ እንመረምራለን። መነሻችንን በደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል፣ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ አገር፣ የታች ጋይንት ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በአርብ ገበያ አድርገናል። ምክንያታችን ሁለት ነው። አንደኛ፣ የጋይንት ምድር ድምፅን በአጭር ጽሑፍ እየጠሩ የማምጣት ጥበብ ለብዙ ዘመን ተጠብቆ የኖረበት ነው። ሁለተኛ፣ ኋላ እንደምናየው፣ የከተማዪቱ ስም ራሱ ለቪዲዮ አፈላላጊ ወኪል ፈተና ነው።

2. የቤተ ልሔም ምልክት

እንደሚታወቀው በአብነት ትምህርት ሥርዓት እያንዳንዱ የዜማ ትምህርት የራሱ ማስመስከሪያ ቦታ አለው። አቋቋም በጎንደር በአታ፣ ቅዳሴ በሰለልኩላ፣ ዝማሬና መዋሥዕት በዙር አባ፣ ድጓ ደግሞ በጋይንት በምትገኘው በቤተ ልሔም ይመሰከራል። ድጓን በሌላ ቦታ የተማረ ደቀ መዝሙር ዜማውን ከቤተ ልሔም መምህራን ጋር አመሳክሮ፣ የጎደለውን ሞልቶ፣ የተሳሳተውን አርሞ ይመለሳል።

የድጓን ዜማ በጽሑፍ የሚጠቁመው ምልክት ነው። በትውፊት እንደሚነገረው ምልክትን ሥርዓት አስይዘው ያዘጋጁት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት (1540–1559 እ.ኤ.አ.) በተድባበ ማርያም የነበሩት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ናቸው። ከምልክቶቹ አንዱ ወገን በቅርጽ የሚታወቀው ነው፤ እነርሱም ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ሂደት፣ ቅናት፣ ጭረትና ቁርጥ ሲሆኑ፣ ድርስና አንብር ሲጨመሩባቸው ዐሥር ይሆናሉ። ለዚህ ጽሑፍ ይበልጥ የሚጠቅመን ግን ሁለተኛው ወገን፣ ማለትም የፊደል ምልክት ነው። ዜማው ከታወቀ ከአንድ ቃል ውስጥ አንድ፣ ሁለት ወይም ሦስት ፊደል ተወስዶ በሌላው ቃል ራስ ላይ በደቃቅ ይጻፋል። መዘምሩ ያንን ፊደል ሲያይ ምንጩን ያስታውሳል፤ የምንጩንም ዜማ አምጥቶ በፊቱ ላለው ቃል ይሰጣል። እንዲህ ያለው ምልክት በመቶዎች የሚቆጠር ነው። ከዚህም ሌላ በየክፍሉ መግቢያ ዜማው ግዕዝ፣ ዕዝል ወይም አራራይ መሆኑና የሃሌ ሉያው ቍጥር ይመለከታል።

ይህን ሥርዓት በመሣሪያ መግለጫ ዐይን ስንመለከተው ሦስት ነገር እንረዳለን። ምልክቱ ዜማውን ራሱን አልያዘም፤ ዜማው የተከማቸው በመዘምሩ ልብ ውስጥ ነው፤ ፊደሉ መጥሪያው ነው። ሁለተኛ፣ የምልክቱ ጥራት የሚለካው በርዝመቱ ሳይሆን ከሌላው ምልክት በመለየቱ ነው፤ ሁለት የተለያዩ ዜማዎችን በአንድ ፊደል የሚጠራ ምልክት ቢኖር መዘምራኑ እኩሌቶቹ አንዱን፣ እኩሌቶቹ ሌላውን ባመጡ ነበር። ሦስተኛውና ዋናው፣ ምልክቱ ብቻውን አይናገርም። ግዕዝ የሚያነብ እንግዳ ሰው ድጓውን ቢገልጥ ደቃቁን ፊደል ማንበብ ይችላል፤ ዜማ ግን አያወጣበትም። የምልክቱ ግማሽ ፍች የኖረው በመምህሩ አንደበት ነው። ደቀ መዝሙሩ ሲስት መምህሩ ወዲያው «መልስ» ይለዋል። ማስመስከሪያ ቦታ ያስፈለገውም ስለዚህ ነው።

ምልክት ለዛሬው የመሣሪያ መግለጫ አባት ሆነ ማለታችን አይደለም፤ በሁለቱ መካከል የትውልድ ሐረግ የለም። ነገር ግን ሁለቱም አንዱን ጥያቄ ይመልሳሉ፦ በሌላ ቦታ የተከማቸውን ነገር ሳይሳሳቱ ለማምጣት ምን ያህል መጻፍ ይበቃል? መልሱ የሚወሰነው ከጽሑፉ አጠገብ ማን እንዳለ ነው።

3. አጠገብ ያለው ተናጋሪ

መዝገበ ቃላት ከምልክት የሚለየው ተናጋሪው በሌለበት እንዲያገለግል ታስቦ በመጻፉ ነው። ሆኖም የአማርኛ መዝገበ ቃላት ሲወለድ ተናጋሪው አጠገቡ ነበር። ጀርመናዊው ሊቅ ኢዮብ ሉዶልፍ በ1652 እ.ኤ.አ. በጎታ ከአባ ጎርጎርዮስ ጋር ተቀምጦ የግዕዝንና የአማርኛን ቃላት ይጠይቅ ነበር። ያልገባውን ደግሞ ይጠይቃል፤ አባ ጎርጎርዮስም በሌላ አነጋገር ያስረዱታል። አባ ጎርጎርዮስ በ1658 እ.ኤ.አ. በመርከብ አደጋ ሞቱ። የሉዶልፍ የአማርኛና የላቲን መዝገበ ቃላት በፍራንክፈርት የታተመው ከዚያ 40 ዓመት በኋላ፣ በ1698 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ መጽሐፉን የገለጠ ሁሉ ተናጋሪውን መልሶ ሊጠይቅ አይችልም፤ ያለው ፍቹ ብቻ ነው።

በአገራችን ሊቃውንት ዘንድም ሥራው ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር እየተላለፈ የመጣ ነው። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን የግዕዝ መዝገበ ቃላት አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ተረከቡ፤ የእርሳቸውንም ሥራ ደስታ ተክለ ወልድ ለኅትመት አብቅተው በ1948 ዓ.ም. ወጣ። የከሣቴ ብርሃን ተሰማ የአማርኛ መዝገበ ቃላት በ1951 ዓ.ም.፣ የደስታ ተክለ ወልድ ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት በ1962 ዓ.ም. ታተሙ። በ1964 ዓ.ም. የአማርኛ ቋንቋ አካዳሚ ተቋቁሞ ኋላ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ ሲባል፣ የቃላት ፍችና የሙያ ቃላት ስያሜ በቡድን የሚሠራ የመሥሪያ ቤት ተግባር ሆነ። የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት በ1989 ዓ.ም.፣ የአማርኛ መዝገበ ቃላት በ1993 ዓ.ም. ለአንባብያን ቀርበዋል።

ከእነዚህ ሥራዎች የምንማረው መሣሪያ በሦስት መንገድ ሊፈታ እንደሚችል ነው፤ በቅርጹ፣ በተግባሩና በወሰኑ። ለምሳሌ ማረሻን «ጫፉ የሾለ ብረት» ብንል በቅርጹ ፈታነው፤ ጦርም ግን ጫፉ የሾለ ብረት ነው። «መሬት መሰንጠቂያ ብረት» ብንል በተግባሩ ፈታነው፤ ዶማ ግን ገና አልተለየም። «በበሬ ተጎትቶ መሬት የሚሰነጥቅ፣ በእርሻው ጫፍ የሚዋደድ ብረት» ስንል ግን ወሰን አበጀንለት። ሰው አንባቢ ወሰኑ ባይነገረውም ከልማዱ ይሞላዋል። ጋይንት ያደገ ገበሬ «መሬት መሰንጠቂያ» ቢባል ዶማ ይዞ ወደ ጥማዱ አይሄድም። ሦስተኛውን መንገድ ብዙ ጊዜ ቸል የምንለውም አንባቢው ስለሚያግዘን ነው።

4. ሰው አጠገቡ የሌለ ፍች

የኮምፒዩተር ሠሪዎች ለመሣሪያ መግለጫ ሥርዓት ማበጀት የጀመሩት ከብዙ ጊዜ በፊት ነው። በቤል ላቦራቶሪ የተሠራው የዩኒክስ የመጀመሪያ መማሪያ መጽሐፍ የወጣው በኅዳር ወር 1971 እ.ኤ.አ. ነው፤ ይኸውም በእኛ አቆጣጠር አካዳሚው በተቋቋመበት በዚያው በ1964 ዓ.ም. መሆኑ ነው። በዚያ መጽሐፍ እያንዳንዱ መሣሪያ በተወሰኑ ርእሶች ይፈታል፤ ስሙ፣ አጠራሩ፣ መግለጫው፣ የሚነካቸው ፋይሎች፣ ከእርሱ ጋር የሚታዩ ሌሎች መሣሪያዎች፣ የሚሰጣቸው የስሕተት መልእክቶችና ጉድለቶቹ። የመሣሪያውን ጉድለት በፍቹ ውስጥ ማስፈር መልካም ልማድ ነው።

ያን መጽሐፍ የሚያነበው ግን ሰው ነበር። ለውጡ የመጣው አንባቢው ራሱ ማሽን ሲሆን ነው። በሰኔ ወር 2023 እ.ኤ.አ. ኦፕን ኤአይ የተባለው ኩባንያ የቋንቋ ሞዴል በጽሑፍ የተገለጡለትን ተግባሮች መርጦ እንዲጠራ የሚያስችለውን አሠራር ለፕሮግራም ሠሪዎች አቀረበ። በኅዳር ወር 2024 እ.ኤ.አ. አንትሮፒክ የተባለው ኩባንያ ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል የተሰኘውን የጋራ ደንብ አወጣ። በዚህ ደንብ መሠረት መሣሪያ ለወኪሉ የሚቀርበው በዋናነት በሦስት ነገር ነው፤ በስም፣ በተፈጥሮ ቋንቋ በተጻፈ መግለጫና የሚቀበላቸውን ነገሮች በሚዘረዝር ቅጽ።

እንግዲህ በቤተ ልሔም መምህር፣ በጎታ ተናጋሪ፣ በዩኒክስ መጽሐፍ ልምድ ያለው አንባቢ ነበር። አሁን ግን ከጽሑፉ አጠገብ ማንም የለም። ወኪሉ ከብዙ ጽሑፍ የተማረ በመሆኑ ቃላትን ያውቃል፤ የዚህን መሣሪያ ልማድ ግን አያውቅም። ከዚህም የሚብሰው፣ ያልገባው ሰው ይጠይቃል ወይም ይተወዋል፤ ወኪሉ ግን ብዙ ጊዜ ግራ መጋባቱን ሳያስታውቅ የመሰለውን ያደርጋል። ቀድሞ የተሳሳተ ፍች አንባቢን ያሳስት ነበር፤ አሁን የተሳሳተ ፍች ሥራ ይሠራል።

5. ገበያ የተላከ ልጅ

በዓርብ ቀን ከገጠር ወደ አርብ ገበያ ልጇን የምትልክ እናት የምትሰጠውን ቃል እናስብ። «ጨው ግዛ» ብላ ብቻ አትሰደውም። ምን ያህል እንደሚገዛ፣ ከየትኛው ተራ እንደሚጠይቅ፣ በስንት ብር እንደማያልፍ ትነግረዋለች። በመጨረሻም ብዙውን ጊዜ ከሁሉ የሚበልጠውን ትጨምራለች፦ «ካጣህ ሌላ ነገር ገዝተህ እንዳትመጣ፤ ገንዘቡን ይዘህ ተመለስ።» በዚህ አጭር ትእዛዝ ውስጥ የመልካም መሣሪያ መግለጫ ክፍሎች በሙሉ አሉ፤ ተግባሩ፣ መጠኑ፣ ቦታው፣ ወሰኑና ያልተገኘ እንደ ሆነ የሚደረገው።

ብዙዎቹ የመሣሪያ መግለጫዎች የሚጎድላቸው ይህ የመጨረሻው ክፍል ነው። ቪዲዮ እንዲያፈላልግ የታዘዘ ወኪል መሣሪያው ባዶ ዝርዝር ቢመልስለት ምን ማለት እንደ ሆነ በመግለጫው ካልተነገረው፣ ባዶውን ዝርዝር «መሣሪያው ተበላሸ» ብሎ ሊተረጕመው፣ ወይም ከራሱ የሌለ ቪዲዮ ስም ሊፈጥር ይችላል። «ባዶ ዝርዝር ማለት ለጥያቄው የሚስማማ አልተገኘም ማለት ነው፤ ለተጠቃሚው እንዲሁ ንገረው» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ይህን ያስቀራል።

ወኪል የሚለው ስያሜም በዚህ ረገድ ይረዳናል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ጠቅላላ ውክልና ለወኪሉ የአስተዳደር ሥራ የመሥራት ሥልጣን ብቻ እንደሚሰጠው፣ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ግን ልዩ ውክልና እንደሚያስፈልግ ይደነግጋል። ሕጉ እንዲህ የለየው አንዳንዱ ሥራ ከተፈጸመ በኋላ የማይመለስ ስለ ሆነ ነው። ማየትና መዘርዘር የአስተዳደር ያህል ነው፤ መሰረዝ እንደ መሸጥ ነው። የመሣሪያ መግለጫ ጸሐፊ ይህንን ልዩነት በግልጥ ማስፈር ይገባዋል።

6. የቃሎቻችን ሁለት ፊት

እስካሁን ያልነው ለየትኛውም ቋንቋ ይሆናል። አማርኛ ግን በዚህ ሥራ ላይ የራሱ ችግሮች አሉት፤ የቋንቋ ባለሙያና ተርጓሚ በእጅጉ የሚያስፈልጉትም እዚህ ላይ ነው።

ሀ) ፈለገ። ይህ ግሥ ሁለት ፍች አለው፤ «ሻ፣ ወደደ» እና «ያልታየውን ለማግኘት ተመለከተ»። ስለዚህ «ቪዲዮ የሚፈልግ መሣሪያ» የሚለው መግለጫ በሁለት መንገድ ይነበባል። በአንደኛው መሣሪያው ቪዲዮ ያፈላልጋል፤ በሁለተኛው ደግሞ መሣሪያው እንዲሠራ ቪዲዮ ሊሰጠው ይገባል። ሁለቱ ንባቦች ፈጽሞ የሚቃረኑ ናቸው፤ በአንዱ ቪዲዮ የሥራው ውጤት ነው፣ በሌላው መነሻው ነው። «የሚያፈላልግ» ብንል ግን ሁለተኛው ንባብ ይቀራል።

ለ) አወረደ። «ቪዲዮ አወረደ» ሲባል ቅጂውን ወደ ራሱ ስልክ ወይም ኮምፒዩተር አመጣ ማለት ነው። «ቪዲዮውን ከገጹ አወረደው» ሲባል ደግሞ እንዳይታይ አደረገው ማለት ነው። በአንድ ወቅት ለእርማት በቀረበልን የመግለጫዎች ትርጕም ላይ ተርጓሚው ሁለት የተለያዩ መሣሪያዎችን፣ ማለትም ቅጂ የሚያስቀረውንና ከማከማቻው የሚሰርዘውን፣ «ቪዲዮ ያወርዳል» በሚል አንድ ቃል ፈትቷቸው አግኝተናል። ሁለቱም ትርጕሞች ለየብቻቸው ሲነበቡ ስሕተት አልነበረባቸውም፤ ስሕተቱ የታየው ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነው። ለአንደኛው «ቅጂ ያስቀራል»፣ ለሁለተኛው «ይሰርዛል» እንዲባል አሳስበናል።

ሐ) አጠፋ። «ቪዲዮውን አጥፋው» ማለት አቁመው፣ ዝጋው ማለት ሊሆን ይችላል፤ ሰርዘው ማለትም ይሆናል። እንደ መብራት የሚጠፋ ነገር ተመልሶ ይበራል፤ የተሰረዘ ግን አይመለስም።

መ) ጫነ። ይህ ቃል ቪዲዮን ወደ ማከማቻ መስደድን፣ ፕሮግራምን በኮምፒዩተር ላይ ማስገባትንና ቍልፍን በጣት መንካትን ሁሉ ይይዛል። አነሣም እንዲሁ ነው፤ «ቪዲዮ አነሣ» ቀረጸ ማለት ሲሆን፣ «ቪዲዮውን ከገጹ አነሣው» አስወገደው ማለት ነው። ለመጀመሪያው ቀረጸ የሚለው ግሥ መቅረጸ ድምፅ ከሚለው ስያሜ ጀምሮ የተለመደ ስለ ሆነ እርሱን መያዝ ይሻላል።

ሠ) የመሣሪያ ስም አመሠራረት። አማርኛ የመሣሪያን ስም ከግሥ የሚመሠርተው በ«መ…ያ» ቅርጽ ነው፤ መጥረጊያ፣ መክፈቻ፣ መቍረጫ እንዲሉ። ይኸው ቅርጽ ግን ቦታንም ጊዜንም ያመለክታል፤ መኖሪያ ቦታ ነው፤ መግቢያ በር ሲሆን ቦታ፣ «የክረምት መግቢያ» ሲባል ጊዜ ነው። ስለዚህ «የቪዲዮ ማስቀመጫ» ተብሎ የተሰየመ መሣሪያ ቪዲዮ የሚያስቀምጥ ይሁን ወይም ቪዲዮ የሚቀመጥበት ቦታ ከስሙ ብቻ አይታወቅም። የአማርኛ መሣሪያ ስም ሁልጊዜ ግሥ ያለበት ፍች እንዲከተለው የምንመክረው ለዚህ ነው።

እነዚህ ምሳሌዎች የአማርኛን ድህነት አያሳዩም። አንድ ቃል ብዙ ማገልገሉ በሕያው ቋንቋ ሁሉ ያለ ነው፤ ተነጋጋሪዎች ሲተያዩ ችግር አይፈጥርም። ችግሩ የሚመጣው ቃሉ ከአነጋገሩ ተነጥሎ በመሣሪያ ፍች ውስጥ ብቻውን ሲቆም ነው።

7. ስምና ዘመን

አሁን ወደ ከተማዪቱ ስም እንመለስ። አርብ ገበያ ሁለት ቃል ነው፤ እያንዳንዱም ለብቻው የራሱ ፍች አለው። ወኪሉ ቃላቱን ነጣጥሎ ቢያፈላልግ በአንደኛው የዓርብን ቀን ዝግጅት ሁሉ፣ በሁለተኛው ስለ ንግድ የተነገረውን ሁሉ ሊያመጣ ይችላል። ስሙም አርብ፣ ዓርብ፣ ዐርብ እየተባለ ይጻፋል፤ በድምፅ አንድ የሆኑት አና ዐ፣ ሰና ሠ፣ ጸና ፀ፣ ሀ፣ ሐና ኀ በሰው ንባብ ላይ ብዙ ባያውኩም፣ ፊደልን በፊደል ለሚያመሳክር መሣሪያ የተለያዩ ቃላት ናቸው። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ ጋይንትም ስማዳም እስቴም በልዩ ልዩ አጻጻፍ ይገኛሉ። ከዚህም በላይ በዓርብ ቀን ገበያ የሚቆምበት ቦታ ሁሉ በዚህ ስም ሊጠራ ስለሚችል፣ መግለጫው የቦታ ስም ሲጠየቅ የወረዳውን ወይም የአውራጃውን ስም ጨምሮ እንዲያፈላልግ ወኪሉን ሊመራው ይገባል።

ቤተ ልሔም የሚለው ስም ከዚህም ይብሳል። የጌታ የልደት ከተማ ነው፤ በእያንዳንዱ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ መሥዋዕቱ የሚዘጋጅበት ቤት ስም ነው፤ የሴት ልጅ ስም ነው፤ የጋይንቱ የድጓ ደብርም ስም ነው። በዋሽንግተን ወይም በሌላ አገር የሚኖር ወጣት የጋይንትን ቤተ ልሔም የድጓ ዜማ ለመስማት ወኪሉን ቢጠይቅና ስለ ገና በዓል የተዘመሩ መዝሙሮች ቢቀርቡለት፣ ወኪሉ ቃሉን አግኝቷል፤ ነገሩን ግን አላገኘም። ወጣቱም ከመምህር የራቀ በመሆኑ የቀረበለትን የተጠየቀው ነው ብሎ ሊቀበል ይችላል።

ሁለተኛው እንቅፋት ዘመን ነው። የቪዲዮ ማከማቻዎች የሚቀበሉት የኤውሮፓን አቆጣጠር ነው። «የ2012 የጥምቀት በዓል» ብሎ የጠየቀ ኢትዮጵያዊ ያሰበው ጥር 11 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ይኸውም ጃንዩዌሪ 20 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. ነው። መሣሪያው ቍጥሩን እንዳለ ቢቀበለው የሚያመጣው የ2004 ዓ.ም. ጥምቀትን ነው፤ ስምንት ዓመት ሳተ ማለት ነው። ሰዓትም እንዲሁ ነው፤ የእኛ የጠዋት 3 ሰዓት በሌላው አቆጣጠር 9 ሰዓት ነው። መግለጫው የትኛውን አቆጣጠር እንደሚቀበል በአንድ ሐረግ ቢናገር ይህ ሁሉ ይድናል።

መጠንን የሚያመለክቱ ቃላትም ፍች ይሻሉ። በዩቱብ የፍለጋ ሥርዓት አጭር የሚባለው ከ4 ደቂቃ የሚያንሰው፣ መካከለኛ ከ4 እስከ 20 ደቂቃ ያለው፣ ረጅም ከ20 ደቂቃ የሚበልጠው ነው። ቍጥር ካልተነገረው በአንድ ጊዜ የሚመልሰው 5 ውጤት ነው፤ ከፍተኛው 50 ነው። ሌሊቱን ሲቆም ለሚያድር ማኅሌት 21 ደቂቃ ረጅም አይደለም። ስለዚህ ተርጓሚው «ረጅም» ብሎ ብቻ ማለፍ የለበትም፤ ቍጥሩን ማስፈር አለበት።

8. ናሙና ፍች

ከላይ የተባለውን በሥራ ለማሳየት ያህል፣ «ቪዲዮ የሚፈልግ መሣሪያ» በሚለው አራት ጥያቄ የሚያስነሣ መግለጫ ፈንታ የሚከተለውን እናቀርባለን።

ቪዲዮ ማፈላለጊያ። በቃላት የቀረበለትን ጥያቄ ከቪዲዮዎች ርእስና ማብራሪያ ጋር እያመሳከረ የሚስማሙትን ይዘረዝራል። የሚያገለግለው፦ ተጠቃሚው የቪዲዮውን መለያ ሳያውቅ ሲቀር። የማያገለግለው፦ መለያው ሲታወቅ፤ ያን ጊዜ «የቪዲዮ ዝርዝር አቅራቢ» ይጠራል። የሚቀበለው፦ ጥያቄ፣ የቦታ ስም ካለበት ከወረዳው ስም ጋር፤ የውጤት ብዛት፣ ከ1 እስከ 50፤ ቀን፣ በኤውሮፓ አቆጣጠር፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከተነገረ አስቀድሞ ተለውጦ። የሚመልሰው፦ የእያንዳንዱን መለያ፣ ርእስ፣ ያወጣውን ገጽ ስምና የወጣበትን ቀን። ወሰኑ፦ ቪዲዮውን አይመለከትም፣ ቅጂ አያስቀርም፣ አይሰርዝም፤ ርእሱ የሚለውን እንጂ ውስጡ ያለውን አያረጋግጥም። ባያገኝ፦ ባዶ ዝርዝር ይመልሳል፤ በሌላ አጻጻፍ አንድ ጊዜ ይሞከራል፤ ከዚያ አለመገኘቱ ለተጠቃሚው ይነገራል።

ፍቹ ረዝሟል ሊባል ይችላል። በእርግጥም የወኪሉ የንባብ ቦታ የተወሰነ ስለ ሆነ፣ ብዙ መሣሪያዎች ሲደረደሩ የአንዱ መግለጫ መንዛዛት ሌላውን ይሸፍነዋል። ነገር ግን ሊቈረጥ የሚገባው ውዳሴው ነው። «ዘመናዊ፣ ፈጣንና ኃይለኛ» የሚሉት ቃላት ወኪሉ አንዱን ከሌላው እንዲለይ አይረዱትም፤ «መለያው ሲታወቅ አያገለግልም» የሚለው ግን ይረዳዋል። ቃላት በመዝገበ ቃላት ተርታ ከጎረቤቶቻቸው ጋር እየተነጻጸሩ እንደሚፈቱ፣ መሣሪያዎችም እርስ በርስ እየተነጻጸሩ መፈታት አለባቸው።

9. መደምደሚያ

ከዚህ አጭር ታሪክ አንድ ነገር ይወጣል። የፍች ርዝመትና ጥንቃቄ የሚወሰነው ከአንባቢው አጠገብ በቀረው ሰው ነው። በቤተ ልሔም መምህሩ ስለ ነበረ ሁለት ፊደል በቃ። ሉዶልፍ አባ ጎርጎርዮስን ይጠይቅ ስለ ነበር ያልገባውን አስተካከለ። የዛሬው ወኪል የሚጠይቀው ሰው የለውም፤ መምህሩ «መልስ» ይል የነበረውን ያህል በመግለጫው ውስጥ አስቀድሞ መጻፍ ይኖርብናል።

ይህንን ሥራ እስካሁን በአብዛኛው የያዙት ፕሮግራም ሠሪዎች ናቸው። እነርሱ መሣሪያውን ያውቁታል፤ «አወረደ» ሁለት ፊት እንዳለው፣ ቤተ ልሔም አራት ነገር እንደሚባል ማመልከት ግን የእኛ ተግባር ነው። በእኛ በኩል ለሁለቱ አወረዶች «ቅጂ አስቀረ» እና «ሰረዘ»፣ ለፈለገ «አፈላለገ»፣ ለጫነ እንደ አገባቡ «ሰደደ»፣ «አስገባ» ወይም «ነካ»፣ ለአነሣ «ቀረጸ» እንዲሆኑ ሐሳብ አቅርበናል። የተሻለ ያለው የሙያ ባልደረባ ቢያርመን ደስ ይለናል፤ በጋይንትም ሆነ በሌላ ቦታ በአነጋገሩ የሚሠራበት ሌላ ቃል ያለ እንደ ሆነ፣ እርሱን አስቀድመን ለማየት ዝግጁ ነን።